ፔጆ 404ን እስከ ላሜራው መላጥ

መኪናዋ ፔጆ 404 ናት። ሐረርና ድሬ ላይ ታክሲ ሆና ስንት ሰው ያመላለሰችው፣ ኋላዋ በሁለት ክንፍ የሾለው። ሞዴሉ ፈረንሳይ አገር መመረት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1960 ነው፤ ቅርጹን ያወጣው የጣሊያኑ ፒኒንፋሪና ነው። የምሥራቅ አፍሪካውን ሳፋሪ ራሊ 4 ጊዜ አሸንፋለች። ይህችኛዋ ግን ራሊ አይታ አታውቅም። የደንገጎን ዳገትና ቁልቁለት ስትመላለስበት ኖራ አሁን ጡረታ ወጥታለች። ሞተሯ ቁልፍ ሲነካ ይነሳል። ቀለሟ ከሩቅ ነው የሚያምረው።

ሙሉ ቀለም ልትቀባ ነው። ከዚያ በፊት አሮጌውን ቀለም ማንሳት የኔ ድርሻ ነው። ማስታወሻውን የምይዘውም ለዚህ ክፍል ብቻ ነው። ቦታው ድሬዳዋ፣ ከዚራ፣ የዘመድ ግቢ ውስጥ፣ ትልቅ የኒም ዛፍ ሥር። ወሩ ኅዳር። ክረምቱ አልፏል፣ የግንቦት ሙቀት ገና ነው። ድሬ ላይ ለዚህ ሥራ ከዚህ የተሻለ ወቅት አይገኝም።

ቅዳሜ

መጀመሪያ ማየት። ከተበላሸ ስፒከር የነቀልኩትን ማግኔት በስስ ጨርቅ ጠቅልዬ ዙሪያዋን ዞርኩ። ንጹሕ ላሜራ ላይ ማግኔቱ ጥብቅ ብሎ ይይዛል። ስቱኮ፣ የተጎዳ ላሜራ የሚሞላበት ልጥፍ፣ ያለበት ቦታ ሲደርስ ይለግማል። ስቱኮው ወፍራም ከሆነ ጭራሽ ይወድቃል። የለገመበትን ሁሉ በጠመኔ አከበብኩ፦ የግራው የፊት ፓራፋንጎ የታችኛው ጫፍ፣ በሮቹ ሥር ያሉት ሁለቱም ደፎች፣ የኋላው ቀኝ በር መሐል። ጣራው ንጹሕ ነው። ኮፈኑም ከአንድ ጥግ በቀር ደህና ነው።

ቀጥዬ ኮፈኑ ላይ መዳፍ የምታህል ቦታ በ120 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት፣ ውሃ እያስነካሁ ፈገፈግኩ። መሐሉን ጠበቅ፣ ጠርዙን ላላ አድርጌ። የቀለሙ ድርብርብ በክብ በክብ ወጣ። ከላይ ሰማያዊ። ሥሩ ሌላ ሰማያዊ፣ ጠቆር ያለ። ከዚያ ግራጫ ፕራይመር፣ ከቀለም በፊት የሚቀባው መሠረት። ከዚያ ነጭ። ከዚያ ቀይ አንቲረስት፣ የዝገት መከላከያው። መጨረሻ ላይ፣ ብረቱ አጠገብ፣ ክሬም። ክሬሙ የፋብሪካው ሳይሆን አይቀርም፤ ከዳሽቦርዱ ጀርባ የማንም ብሩሽ የማይደርስበት ጥግ ላይ ያው ቀለም አለ።

ቲነር የነከረ ጨርቅ ላዩ ላይ አስቀምጬ ጠበቅኩ። ይህ ፈተና ርካሽ ነው፤ ብዙ ሰው ግን ይዘለዋል። ቀለሙ ሟሙቶ ጨርቁን ካቀለመ ናይትሮ ነው። ከተኮማተረ ሲንተቲክ ነው። ምንም ካልሆነ በሃርድነር፣ ማጠንከሪያ ተቀላቅሎበት፣ የተቀባ ነው። የኛው ተኮማተረ። ስለዚህ የሚመጣው አዲስ ቀለም፣ ቲነሩ ጠንካራ ከሆነ፣ ከሥሩ ያለውን ቀስቅሶ ያነሳዋል።

እዚህ ጋ ነው «ለምን ትደክማለህ? ብርጭቆ ወረቀት አስነክተህ ከላይ ድገምበት» የሚለው ምክር ዋጋ የሚያጣው። ምክሩ ሁልጊዜ ስህተት አይደለም። ሥሩ የያዘና ያልተሰነጠቀ ቀለም መላጥ ከንቱ ድካም ነው፤ ለአዲሱ ቀለም ከፋብሪካው ቀለም የተሻለ መሠረት አይገኝም። እዚህ ግን ድርብርቡ ወፍሯል። የድሬ ፀሐይ ላሜራውን ቀን ቀን ትለጥጠዋለች፣ ማታ ይሰበሰባል፤ ወፍራም ቀለም ይህን መከተል አቅቶት ይሰነጠቃል። ኮፈኑ ላይ ጥፍር የሚይዙ ስንጥቆች አሉ። ይላጣል።

ቀዩ አንቲረስት ደግሞ ሌላ ነገር አስወሰነኝ። የድሮ ቀይ አንቲረስት እርሳስ ሊኖርበት ይችላል፤ አንዳንድ የድሮ ቢጫና ቀይ ቀለምም እንዲሁ። ስለዚህ በደረቁ አይፈገፈግም። ከመኪናዋ ሥር ሸራ ይነጠፋል፣ ፍቅፋቂው ተሰብስቦ በከረጢት ይታሰራል፣ ግቢ ውስጥ ያሉት ልጆች አይጠጉም። ሥራ ላይ የዋለ ልብስ ከቤተሰቡ ልብስ ጋር አይታጠብም።

እሑድ

መፍታት። ባምፐር፣ የፊትና የኋላ መብራቶች፣ ጌጦች፣ የበር እጀታዎች፣ የመስኮት ላስቲኮች። ካቻቢቴ፣ ፒንሳና ብዙ ዘይት። የዛጉት ብሎኖች ዘይት ተደርጎባቸው ካደሩ ጠዋት ይለቃሉ፤ ያልለቀቀውን አልታገልኩትም። እያንዳንዱን ብሎን ከነዕቃው በፌስታል አስሬ ስሙን ጻፍኩበት። ሌላ የሚነገር ነገር የለውም።

ሰኞ ንጋት፣ ጣራው

ትልልቅና ዝርግ የሆኑትን፣ ጣራውንና ኮፈኑን፣ በቀለም መላጫ ነው የማነሳው። ሱቆች ሪሙቨር ይሉታል። የገዛሁት ጣሳ ጀርባ ላይ ዳይክሎሮሜቴን ይላል። የሚፈላው 40 ዲግሪ አካባቢ ነው። ይህን ቁጥር ይዛችሁ የድሬን ቀትር አስቡት። ፀሐይ ላይ የቆመ ኮፈን እጅ አያስነካም። እዚያ ላይ ሪሙቨር መቀባት ገንዘብ አየር ላይ መበተን ነው፤ ቀለሙ ውስጥ ሳይሰርግ ተንኖ ያልቃል፣ የተረፈው ሰው ሳንባ ውስጥ ይገባል።

ስለዚህ ሰዓቱ ከኬሚካሉ ዓይነት ይበልጣል። ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል ላይ ላሜራው ገና የሌሊቱን ቅዝቃዜ ይዟል። ከ4 ሰዓት በኋላ ጣሳው አይከፈትም።

ጠርዞቹን መጀመሪያ በወረቀት ስኮች ሸፈንኩ። ሁለት ላሜራ የሚገናኝበት ስንጥቅና የጣራው የዝናብ ውሃ መውረጃ ውስጥ ኬሚካሉ ከገባ አይወጣም። ተደብቆ ይቆይና አዲሱ ቀለም ላይ ፊኛ ያወጣል። ጠርዙን ሁለት ጣት ያህል ትቼ በኋላ በእጅ መጨረስ ይሻላል።

ከዚያ ቀለሙን በ40 ቁጥር ወረቀት መስቀለኛ ጭረት አወጣሁበት። ጭረቱ መግቢያ በር ነው። ሪሙቨሩን በብሩሽ በአንድ አቅጣጫ ብቻ፣ ወፈር አድርጌ ለጠፍኩ። እየመለሱ መቀባት አያስፈልግም። ላዩ ላይ ስስ ቆዳ ይሠራል፤ ያ ቆዳ ነው ትነቱን የሚይዘው። ብሩሹን ከመለስከው ትቀደዋለህ። ወዲያው በስስ ፕላስቲክ ሸፈንኩትና አየሩን በእጄ ገፍቼ አስወጣሁ። ድሬ ላይ ፕላስቲኩ የግድ ነው።

ከፕላስቲኩ ሥር የሚሆነውን ማየት ደስ ይላል። መጀመሪያ ምንም የለም። ከዚያ ጭረቶቹ አካባቢ ትንንሽ እብጠቶች ይነሳሉ። ከዚያ ሰማያዊው በሙሉ እንደ ወተት ስልባቦት ይሸበሸባል። ሳይቸኩሉ መተው ነው። የላይኛው ሰማያዊ ሲነሳ የታችኛው ገና እየለሰለሰ ነው፤ ቶሎ የፋቀ ሰው ሥራውን ሁለቴ ይሠራል። ፕላስቲኩን ገልጬ በሰፊ ስፓቱላ ስገፋው ሁለቱም ሰማያዊዎችና ግራጫው በአንድ ላይ ተጠቅልለው መጡ። የስፓቱላውን ሹል ማዕዘኖች አስቀድሜ በሞረድ አክብቤያቸዋለሁ፤ ካልሆነ ላሜራውን ይጭራሉ።

ነጩና ቀዩ ሁለተኛ ዙር ጠየቁ። ክሬሙ ብረቱን የሙጥኝ ብሎ ቀረ። እሱን ለወረቀት ተውኩት።

ስለ ጤና አንድ ነገር፣ አጭር። ይህ ትነት ከአየር ይከብዳል፤ ወደ ታች ይወርዳል፣ ጉድጓድና ዝግ ክፍል ውስጥ ይተኛል። ሰውነት ውስጥ ሲገባ ከፊሉ ወደ ካርቦን ሞኖክሳይድ፣ ያ የከሰል ጭስ መርዝ ወደሚባለው፣ ይለወጣል። አሜሪካ ይህ ኬሚካል ያለበት መላጫ ለተራ ሸማች እንዳይሸጥ እ.ኤ.አ. በ2019 የከለከለችው በዝግ ቤት ውስጥ ሲሠሩበት የሞቱ ሰዎች ስላሉ ነው። የጨርቅ ማስክ ለዚህ ምንም አይሠራም። ከጓዳ ውጡ፣ ነፋስ ጀርባችሁን ይምታ፣ መኪና ሥር አትተኙ። ተራውን የላስቲክ ጓንት በደቂቃዎች ውስጥ ያልፈዋል፤ ደራርቦ ማድረግና ቶሎ ቶሎ መቀየር ነው። ዓይን ላይ መነጽር።

ረቡዕ፣ በሮቹና ፓራፋንጎው

ስቱኮ ያለበት ቦታ ሪሙቨር አይነካም። ስቱኮ ይመጠዋል፤ የመጠጠው ስቱኮ ደግሞ በሙሉ ተነቅሎ መጣል አለበት። ስለዚህ በሮቹ በእጅ ናቸው። የሙቀት ማራገቢያ አለኝ፤ ቀለሙን አለስልሶ በስፓቱላ ለማንሳት ይመቻል። ግን እርሳስ ሊኖርበት ይችላል ያልኩት ቀለም ላይ ሙቀት ማብዛት ጭሱን ወደ አፍ መጋበዝ ነው። ተውኩት። ምላጭ በእጀታ ላይ አስሬ፣ ጋደም አድርጌ፣ ወደ ፊት ብቻ እየገፋሁ ፈቅኩ። የተሰነጠቀ ቀለም ላይ ምላጭ ከጠበቅኩት በላይ ይሠራል። ቀለሙ በረጅሙ እየተጠቀለለ ይወርዳል። አቧራ የለም፣ ጩኸት የለም፣ መብራት ቢሄድም አይቆምም። መብራቱም ሄዷል።

ጎረቤታችን ያሉ አዛውንት በምድር ባቡር ወርክሾፕ ላሜራ ሲቀጠቅጡ የኖሩ ናቸው። ሽርጣቸውን አገልድመው መጥተው በርጩማ ላይ ቁጭ አሉ። ብዙ አያወሩም። ፓራፋንጎው ላይ ስደርስ ግን ተነሱ።

«አቦ፣ እዚያ ጋ ቀስ በል። ሥሩ ባዶ ነው።»

«በምን አወቁ ጋሼ?»

በጣታቸው መቱት። ጣራው ላይ የነበረው ድምፅ ጥርት ያለ ነበር። ይህኛው ታፍኖ «ድብ» አለ።

ስቱኮው በመዶሻ ቀላል ምት ሲነካ በትልልቁ ተሰበረ። ውፍረቱ የጣት ነው። ሥሩ ላይ ላሜራው በዝገት ተበልቶ አልቋል፤ በቦታው የዱቄት ወተት ጣሳ ተዘርግቶ በሪቬት ተመቷል። ጣሳው ተገልብጦ ስለተመታ ጽሑፉ ወደ ውስጥ ነው፤ በፓራፋንጎው ጀርባ በኩል እጄን አስገብቼ ጭቃውን ስጠርግ ሰማያዊና ቢጫው አሁንም ያበራል። ሪቬቶቹ እኩል ተራርቀዋል። የሠራው ሰው እጁ ጥሩ ነበር፤ የጎደለው ላሜራ ነው።

ጋሼ ጣሳውን አገላብጠው አዩትና «ይሄ እኮ ሠርቷል» አሉ። እውነታቸውን ነው። እስከዛሬ ይዟታል። ግን በጣሳና በላሜራ መሐል የገባው ውሃ መውጫ ስላልነበረው ዙሪያው ያለውን ደህና ብረትም በልቶታል። ተቆርጦ ይወጣል፣ አዲስ ላሜራ ይበየዳል። የ404 የፊት ፓራፋንጎ በብሎን የታሰረ ስለሆነ አውርዶ መሥራት ይቻላል። እድለኛ ነን፤ ደፎቹ ከቦዲው ጋር የተበየዱ ናቸው፣ እነሱ እዚያው ቦታቸው ላይ ናቸው የሚሠሩት።

ከሰዓት በኋላ በርጫ ነው። ሰፈሩ ጸጥ አለ፣ እኔም ጓንቴን አወለቅኩ።

ሐሙስ፣ ትንንሾቹ

ማጠፊያዎች፣ የባትሪ ማስቀመጫ፣ ደጋፊ ብረቶች። እነዚህን አንድ በአንድ መፋቅ ዕድሜ ይበላል። ሳሙና ሠሪዎች የሚገዙት ኮስቲክ ሶዳ አለ። በ20 ሊትር ውሃ ላይ 1 ኪሎ ገደማ። ሶዳው ነው ወደ ውሃው የሚገባው፣ በጥቂት በጥቂቱ። ውሃ ሶዳ ላይ ከተደፋ ፈልቶ ፊት ላይ ይረጫል። ራሱ ይሞቃል፣ የድሬ ፀሐይ ደግሞ ትጨምርለታለች፤ ለዚህኛው ሥራ ፀሐይዋ ወዳጅ ናት። የብረት በርሜል ክዳን ተከድኖ፣ ልጆች በማይደርሱበት።

ብረት ብቻ ነው የሚገባው። አሉሚኒየም ከገባ ይበላዋል፣ ሲበላውም የሚቀጣጠል ሃይድሮጅን ጋዝ ያወጣል። የመኪናዋን ጌጦች ሁሉ በማግኔት ፈትሼ ያልያዘውን ለየሁ።

ማታ ሲወጡ ቀለሙ በውሃ ብቻ ወረደ። ታጠቡ፣ አቼቶ በተቀላቀለ ውሃ ተነከሩ፣ ደግመው ታጠቡ፣ ደርቀው ዘይት ተቀቡ።

ቅዳሜ፣ የግራይንደር ክርክር

ሊጎበኝ የመጣ ሁሉ አንድ ጥያቄ አለው፦ «በግራይንደር በአንድ ቀን አትጨርሰውም ነበር?» እጨርሰው ነበር። ከዚያ ስንት ቀን ቀጥቃጭ ስጠብቅ ነበር፣ እሱን ማንም አይጠይቅም። የመኪና ላሜራ ውፍረቱ 1 ሚሊሜትር አይሞላም። ግራይንደር አንድ ቦታ ላይ ሲዘገይ ብረቱ ይግላል፣ ይለጠጣል፣ ሲበርድ ወደ ቦታው አይመለስም። ከዚያ በእጅ ሲጫኑት «ቶክ» ብሎ ይገባል፣ ሲለቁት «ቶክ» ብሎ ይወጣል። በተለይ ጣራና ኮፈን። ያንን ለማቃናት የሚፈጀው ስቱኮ ከወረደው ቀለም ይበልጣል።

በአሸዋ ማስነፋትም ተነስቶ ነበር። ለቸርኬና ለወፋፍራም ብረቶች ጥሩ ነው። ለዝርግ ላሜራ ግን ብረቱን ይቀጠቅጠዋል፤ የሲሊካ አሸዋ አቧራው ደግሞ ሳንባን የሚያደርቅ በሽታ ያመጣል። ቸርኬዎቹን ብቻ ላኳቸው።

ግራይንደር ፈጽሞ አልነካም አላልኩም። ደፎቹ ላይ፣ ለብየዳ በሚጸዳው ቦታ፣ በሽቦ ብሩሽ ተጠቀምኩ፤ እያነሳሁ፣ በእጄ ሙቀቱን እየለካሁ። የድሮ መኪኖች ላይ ግን አንድ ጥንቃቄ አለ፦ ፋብሪካው አንዳንድ መጋጠሚያዎችን በእርሳስ ይሞላቸው ነበር። ቀለሙ ሲነሳ ከብረቱ ደብዘዝ ያለ፣ በጥፍር የሚጫር ነገር ከወጣ ግራይንደር ይቀመጥ።

ክሬሙን በ80 ቁጥር ጀምሬ በ180 ጨረስኩ፣ በእርጥቡ፣ ወረቀቱን ዝርግ እንጨት ላይ ጠቅልዬ። በጣት ከተሠራ ብረቱ ላይ የጣት ቦይ ይቀራል፤ የሚታየው ደግሞ የመጨረሻው ቀለም ካበራ በኋላ ነው። አንዳንድ ቦታ ክሬሙ እንዲህ ይዟል፣ ምላጭም አልበገረውም። የኋላ ክንፎቹ ላይ ጠርዙን አለስልሼ እንዳለ ተውኩት። የያዘ ቀለም ጠላት አይደለም።

እሑድ፣ ውሃው

የሪሙቨር ትርፍ በውሃ ይታጠባል ይላል ጣሳው። ጣሳውን የጻፈው ሰው የድሬን ውሃ አያውቀውም። የኛ ውሃ ጠጣር ነው፤ ማንቆርቆሪያችን ውስጥ ያለውን ነጭ ቅርፊት ያየ ያውቃል። ላሜራ ላይ እንዲደርቅ ከተተወ ያንኑ ነጭ ጠብታ ትቶ ይሄዳል። በዚያ ላይ ፕራይመር ከተቀባ ጨዉ እርጥበት እየሳበ ቀለሙን ያሳብጣል። ስለዚህ አንድ በር ብቻ ይታጠባል፣ ውሃው ሳይደርቅ በአሮጌ ካናቴራ ይጠረጋል፣ መጨረሻ ላይ ለባትሪ በሚሸጠው የተጣራ ውሃ ይታበሳል። ከዚያ ወደሚቀጥለው በር።

ከዚህ በኋላ ባዶ እጅ ክልክል ነው። ላብ ጨው አለው። ጎረቤት መጥቶ «አቤት ሲያምር!» ብሎ ኮፈኑን ደባበሰው። በማግስቱ ጠዋት አራት ጣትና አንድ መዳፍ በቡናማ ዝገት ተስሎ ነበር። በ180 ወረቀት ጠፋ። ጎረቤቱ አሁን እጁን ኋላው አድርጎ ነው የሚያየው።

ዝገት ጎድጉዶ የገባባቸው ነጥቦች ላይ ብቻ ፎስፎሪክ አሲድ ያለበት ማጥፊያ ነክቼ፣ አጥቤ፣ አደረቅኩ። ሁሉንም መቀባት አያስፈልግም። ኤፖክሲ ፕራይመር ያልታጠበ አሲድ ላይ በደንብ አይይዝም።

ፕራይመር

ባዶ ላሜራ ማደር የለበትም ይባላል። ድሬ ደረቅ ስለሆነች ከሐረር ጤዛ ጋር ስትነጻጸር ትታገሳለች። ቢሆንም የተፋቀው ሁሉ ማታ ማታ በደረቅ ጨርቅና በሸራ ተሸፍኖ ነው ያደረው።

የመረጥኩት ባለ ሁለት ጣሳ፣ ሁለቱ ተቀላቅለው የሚቀቡት፣ ኤፖክሲ ፕራይመር ነው። ስቱኮው ከሱ በላይ ይመጣል፤ ብረቱ አንዴ ከታሸገ ስቱኮ የመጠጠው እርጥበት ላሜራውን አያገኘውም። ተራው አንቲረስት ርካሽ ነው፣ ግን ላዩ ላይ ጠንካራ ቲነር ያለው ቀለም ሲመጣ እንደዚያኛው ሲንተቲክ ተኮማትሮ ይነሳል። ከዚያ ሁሉ ድካም በኋላ ወደዚያ መመለስ የሚፈልግ የለም።

ቲነሩ ቀስ ብሎ የሚደርቀው ዓይነት መሆን አለበት። ፈጣኑ በድሬ ሙቀት ከስፕሬዩ ወጥቶ ላሜራው ላይ ሳይደርስ ይደርቃል፣ ላዩ አሸዋ የተነሰነሰበት ይመስላል። ከሰዓት በኋላ ነፋስ አቧራ ስለሚያነሳ ኮምፕሬሰሩን በጠዋት አስነሳሁ። መሬቱን በውሃ አራስኩ፣ ኒሙ ቅጠል እንዳያወርድብን ከላይ ሸራ ተወጠረ። ሁለት ስስ ዙር፣ በመሐላቸው ጣሳው ላይ የተጻፈው ጊዜ ተጠብቆ። ጣራ፣ ኮፈን፣ አራቱም በሮች በውጭ በኩል። ፓራፋንጎው ከብየዳ ሲመለስ ለብቻው ይቀባል።

ጋሼ ጣራውን ከጎን፣ ጎንበስ ብለው በብርሃን አዩት። እጃቸውን ኮፈኑ ላይ ሊያሳርፉ ሲሉ የኔን ዓይን አይተው ተዉት።

የበሮቹ ውስጥ ቀርቷል። እዚያ ያለው ክሬም በቲነር ሲነካ ሟሙቶም አልተነሳም፣ ስንጥቅም የለው። ቀቢው «እሱንም ላጠው፣ አንድ ዓይነት ይሁን» ብሏል። አልላጥም። በ320 ቁጥር ይጠረጋል፣ ከላዩ ይቀባል። በዚህ አልተስማማንም። ሥራውን የሚጀምረው ደፎቹ ተበይደው ሲያልቁ ነው፤ እስከዚያ ይከራከረኝ።